ዓሣ የማያልፍበት መስኮት

«ለዓሣ ደረጃ?» አለች ትሩፋት፣ መጥበሻዋን ከሰሉ ላይ እያስተካከለች። «እኛ ውኃ በጀሪካን ተሸክመን አራተኛ ፎቅ የምንወጣ ሰዎች ሊፍት የለንም፤ ለዓሣ ደረጃ ይሠራለታል?»

እዚያ የነበርን ሁሉ ሳቅን። ሸዋረገድም ሳቀች፤ ለምዳዋለች። ላፍቶ ኮንዶሚኒየም፣ እኛው ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከታናሽ ወንድሟ ከብሩኬ ጋር ትኖራለች። ጠዋት ጥግ ላይ ቆማ ሰርቪስ ትጠብቃለች፤ ማታ ቦቲ ጫማዋ ጭቃ ለብሶ ትመለሳለች። የምትሠራው ከከተማው በስተደቡብ ባለ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድብ ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት «መስኮት ማየት» ትላለች። ሰው ቀልድ ይመስለዋል። እውነቷን ነው።

እስቲ ከመሳቃችን በፊት እንጠይቅ። መጠየቅ ምን ያስከፍላል? ግድብ ወንዝን ለሁለት ይቆርጣል። ውኃው በተርባይኑ በኩል ወርዶ መብራት ይሆናል፤ እሺ፣ ደግ። ዓሣውስ? ክረምት ሲገባ፣ ወንዙ ሲሞላ፣ ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ወደ ላይ ይወጣል፤ ጠጠር ወዳለበት፣ ወደ ጠራው ገባር። ሽቅብ ነው የሚዋኘው። አባቱ ወጥቷል፣ አያቱ ወጥቷል። አንድ ክረምት ሲመጣ ከፊቱ ፎቅ የሚያህል ኮንክሪት ቆሞ ጠበቀው። ምን ያድርግ? መታወቂያ ያሳይ?

ስለዚህ በግድቡ ጎን ደረጃ ይሠራለታል። ደረጃ ሲባል የእኛ ዓይነት አይደለም። ገንዳ ከገንዳ በላይ እየተደረደረ፣ ከላይኛው ወደ ታችኛው ውኃ እየፈሰሰ የሚወርድበት ነው። ዓሣው ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ደከመኝ ሲል ጥግ ይዞ ያርፋል፤ እንደገና ይዘላል። ጫፍ ላይ ከመድረሱ በፊት በአንድ ጠባብ ቦይ ያልፋል፤ የቦዩ አንድ ጎን መስታወት ነው። ከመስታወቱ ወዲህ አንዲት ትንሽ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ሸዋረገድ። የሚያልፈውን ዓሣ ዓይቶ መናገር፣ እሱ ነው ሥራው።

ደረጃው ከተሠራ ጀምሮ በዚያ መስኮት አንድም ዓሣ አላለፈም።

ሥራ ፈታለች ማለቴ አይደለም። ጠዋት ስትደርስ መጀመሪያ የምትሄደው ከላይ ውኃ የሚገባበት ወንፊት ዘንድ ነው፤ የብረት ፍርግርግ ነው፣ ቆሻሻ የሚያስቀር። ረጅም እጀታ ባለው ባለጥርስ ብረት ፌስታሉን፣ የሃይላንድ ላስቲኩን፣ ነጠላ ጫማውን ትጎትታለች። ይኼ ሁሉ ከየት መጣ? አትጠይቁኝ! ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ድልድይ ላይ ቆመን ግራ ቀኝ ዓይተን የምንወረውረው እኛ ነን። ወንዝ ዕቃ አይበላም፤ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። አንድ ጊዜ ሸዋረገድ ከወንፊቱ ላይ ቢጫ ጀሪካን ጎትታ አወጣች፤ በማይለቅ ቀለም «የትሩፋት ነው፣ አትንኩ» ይላል። በሰርቪስ ይዛው መጣችና ከመጥበሻዋ አጠገብ አስቀመጠችላት።

«ንብረትሽ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥቶ ነበር።»

«ቀዳዳ ነው፣ ጥዬው ነው!» አለች ትሩፋት።

«አትንኩ ይላል እኮ።»

ከወንፊቱ በኋላ መስታወቱን ትወለውላለች፤ በአንድ ሌሊት አረንጓዴ ይለብሳል። ከዚያ ገንዳዎቹን እየዞረች የተሰነጠቀ፣ የተደፈነ ካለ ታያለች። ከዚያ ደግሞ ጠሪው ውኃ አለ።

ይኼን ቃል ወድጄዋለሁ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ወንዙ ሰፊ ነው። ዓሣው የደረጃውን በር እንዴት ያገኘዋል? ዓይቶ አይደለም፤ ክረምት ውኃው ቡና ነው የሚመስለው። ዓሣ የሚሄደው ኃይለኛ ውኃ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ በደረጃው አፍ ላይ በትልቅ ቧንቧ ተጨማሪ ውኃ ይለቀቃል፤ «በሩ በዚህ ነው» ለማለት። ሠራተኞቹ ጠሪ ውኃ ይሉታል። ቀኑን ሙሉ አይለቀቅም፤ የሚለቀቀው ከተርባይኑ ድርሻ ተቀንሶ ነው። የተፈቀደለት ሰዓት አለው። ደረጃውን ሊያስረክብ የመጣው ፈረንጅ ከመሄዱ በፊት በወጣቱ ኢንጂነር በሚሳኤል አስተርጓሚነት «በስድስት ትከፍታላችሁ፣ በአሥር ትዘጋላችሁ» ብሎ ነበር። ሸዋረገድ አንድም ቀን አላጓደለችም። ልክ ስድስት ሰዓት፣ ሰው ወደ ምሳ ሲሄድ፣ እሷ የመዝጊያውን መሪ ታሽከረክራለች። ውኃው ይጮሃል። ሄዳ መስኮቷ ላይ ትቀመጣለች። ምንም።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ነገሩ ለየለት። ከዋናው መሥሪያ ቤት ወሬ መጣ፦ በዚህ ክረምት ዓሣ ሲያልፍ ካልታየ የደረጃው አፍ በሲሚንቶ ይደፈናል፣ ውኃው ለተርባይኑ ይሄዳል፣ ሸዋረገድ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ትዛወራለች። ኮሚቴ በነሐሴ አጋማሽ መጥቶ ያያል።

«ግምጃ ቤት አይሻልሽም? ደረቅ ነው፣ ወንበሩም ስፖንጅ አለው» አላት ብሩኬ።

«ያንን መስታወት ስወለውል ይኼን ያህል ዘመን! አንድ ዓሣ ሳላይ ይድፈኑት?» አለችው። «ቢያንስ ለምን እንደማይመጣ ይንገሩኝ።»

እንዲህ ያለውን ሰው እወዳለሁ። ደረጃው ይቅር ወይስ ይኑር በሚለው ላይ ሁሉም አፍ አለው። መብራት ሲጠፋ «ውኃውን ለዓሣ እየሰጡት ነው» የሚል አለ፤ «ዓሣውን ፈጁት» የሚልም አለ። ለምን እንደማይመጣ የጠየቀ ግን ማን ነው? ኮሚቴው ጠየቀ? ሪፖርት ጻፊዎቹ ጠየቁ? «ዓሣ አልታየም» ብሎ መጻፍ እንዴት ቀላል ነው!

ፍልሰታ ገባ። ትሩፋት በፍልሰታ ሽሮና ድንቹን ትታ ዓሣ ትጠብሳለች፤ ገበያዋ የሚደራው ያኔ ነው። ዓሣ ይጾማል፣ አይጾምም የሚለውን ክርክር ለካህናት ትተዋለች፤ «እኔ እጠብሳለሁ፣ ኃጢአቱን የበላ ይክፈለው» ባይ ናት። ሸዋረገድና ብሩኬ ጴንጤዎች ናቸው፤ ፍልሰታን አይጾሙም፤ ዓሣውን ግን ከጾመኛው ቀድመው ይሰለፋሉ፣ ትሩፋትም በዚህ ሳትለክፋቸው አታልፍም።

ያን ምሽት ሸዋረገድ ሳህኑን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ምን ሆኖ ነው አፍንጫው?»

«የማን?»

«የዓሣው። ተላልጧል።»

«እኔ ጠበስኩት እንጂ አልደበደብኩትም!»

ሸዋረገድ ሳፋው ውስጥ ያልተጠበሱትን አገላበጠች። ቅርፊታሙ ቢልጫ ነው፣ ወንዝ የሚወደው። የአብዛኞቹ አፍንጫ ተገጥቧል፤ አንዳንዱ ከነግንባሩ። «ከየት ነው የምታመጪው?»

ትሩፋት ትንሽ አቅማማች። «ከእናንተው ዘንድ ነው እንጂ። ዘበኛችሁ፣ ጋሽ ዳኜ፣ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ይልክልኛል። አሁን ይኼን ሄደሽ አታውሪ!»

ሸዋረገድ እንጀራውን አልጨረሰችም። ደረጃውን ወጥታ በረንዳዋ ላይ ተቀመጠች። ስታስብ ጥፍሯን ትነክሳለች። ስለዚህ ዓሣው አለ። እስከ ግድቡ ድረስ ይመጣል። የሆነ ግድግዳ እየመታ ነው። የትኛውን? ኃይለኛ ውኃ የሚወጣው ከየት ነው? ከተርባይኑ! ተርባይኑ ውኃውን የሚተፋበት አፍ ላይ፣ ሰማይ የሚያህል ጩኸት ባለበት፣ ዓሣው «በሩ ይኼ ነው» ብሎ ኮንክሪቱን በአፍንጫው ይገጨዋል። እሷ ደግሞ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ በሩን ከፍታ ተቀምጣለች። ታዲያ ጠሪውን ውኃ ለምን አይሰማም? ደንቆሮ ነው?

በማግስቱ ጋሽ ዳኜን በር ላይ ያዘችው። ካፖርቱን ክረምት ከበጋ የማያወልቅ፣ ወሬ የማያልቅበት፣ መልስ ግን የማይወጣው ሰው ነው።

«ጋሽ ዳኜ፣ ዓሣ ታጠምዳለህ አሉ።»

«እኔ? ዘበኛ ነኝ እኔ። የሚገባ የሚወጣውን ነው የምጠብቀው።»

«ገብቶ አልወጣ ያለ ዓሣ አጋጥሞህ ያውቃል?»

«ሸዋዬ፣ ምሳሽን ብዪ። የወንዝ ነገር ረጅም ነው።» ብሎ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጠፈ።

ከዚያ ሐሙስ መጣ። ብሩኬ ጓደኛው አርባ ምንጭ ሊያገባ ነው፤ እሱ አንደኛ ሚዜ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ በአውሮፕላን እንደሚሄድም ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ያላወቀ ካለ ብሩኬ ራሱ ነግሮታል። ሱፉን ለብሶ፣ ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ቦሌ ደረሰ። ሸዋረገድ መሪውን ልትከፍት እጇን ስታሳርፍ ስልኳ ጮኸ።

«ሸዋዬ! ሄዷል ይሉኛል!»

«ማን ነው የሄደው?»

«አውሮፕላኑ! ቲኬቱ ላይ ስድስት ነው እኮ የሚለው! ገና ስድስት አልሞላም! ይኸው ሰዓቴ!»

«ስድስት... ብሩኬ፣ በፈረንጅ ነው እኮ እሱ! ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሄደው!»

«ታዲያ በፈረንጅ ነው ብሎ አይጽፍም?»

«አንተ በእኛ ነው በፈረንጅ ብለህ አትጠይቅም? ከንጋት ጀምሮ ሱፍ ለብሰህ ስትንጎራደድ ነበር እኮ! ሙሽራው ያለ ሚዜ...»

ቃሏን መጨረስ አልቻለችም። መሪው ላይ ተደግፋ፣ ዕንባዋ እስኪወርድ፣ ጎኗን ይዛ ሳቀች። ስልኩ ውስጥ ብሩኬ ይሳደባል። ከዚያ ሳቋ ድርግም አለ። እጇን ዓየች። እጇ መሪው ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው።

«ብሩኬ፣ ዝጋው፣ ስልክ ልደውል ነው።»

«እኔስ?»

«አውቶቡስ ያዝ!»

ኢንጂነር ሚሳኤል ምሳ ላይ ነበር። ወፍራም ነገር እያላመጠ አነሳው።

«ኢንጂነር፣ ያ ፈረንጅ በስድስት ክፈቱ ሲል፣ በእኛ ነው በፈረንጅ?»

«ፈረንጅ በፈረንጅ እንጂ በማን ይናገራል?»

«አንተስ በማን ተረጎምከው?»

ማላመጡ ቆመ።

«ሲክስ አለ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «ስድስት አልኩ። ሲክስ ማለት እኮ ስድስት ነው! ልክ ነኝ እኮ!»

«ልክ ነህ።»

«ወይኔ! ልክ ሆኜ ነው ያበላሸሁት!»

አያችሁ? ማንም አልዋሸም። ማንም ሥራውን አልበደለም። ፈረንጁ እውነቱን ተናገረ፣ አስተርጓሚው ቃሉን በትክክል መለሰ፣ ሠራተኛዋ ትእዛዙን አከበረች። ዓሣው ደግሞ ንጋት ላይ፣ ውኃው ገና ሳይሞቅ፣ ሽቅብ ይጓዛል፤ በሩ ጋ ሲደርስ ጠሪ የለም። ቀትር ላይ እኛ በጩኸት ስንጠራው እሱ ፀሐይ ሸሽቶ ድንጋይ ሥር ተኝቷል። ስንት ክረምት! የሚያንገበግበኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ሰርግ ሲጠሩን «በእኛ ነው?» እንላለን። የቴሌቪዥን ኳስ ሲኖር «በእኛ ስንት ይሆናል?» እንላለን። ለሆዳችንና ለኳሳችን የምንጠይቀውን ጥያቄ አደራ ለተሰጠን ነገር አንጠይቅም።

ሚሳኤል ስህተቱን ያመነው ቶሎ ነው፤ አልተኩራራም። «ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈት። እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ። ግን ሰርቪሱ በዚያ ሰዓት አይደርስም። ግቢው ውስጥ የሚኖረው ዳኜ ብቻ ነው፤ እሱ ይክፈተው።»

«ዳኜ?» አለች ሸዋረገድ። «ዳኜስ አይሆንም። እዚሁ አድራለሁ።»

ከግቢው ውጭ፣ አጠገቡ ካለው መንደር ከምትኖረው የሠራተኞች ምግብ አብሳይ ጋር ተዳብላ አደረች። ገና ጎህ ሲቀድ ቦቲዋን ተጫምታ ወረደች። ጭጋጉ ውኃው ላይ ተኝቷል። ተርባይኑ ውኃ በሚተፋበት አፍ ላይ ካፖርት የለበሰ ሰው እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቆሟል፤ መረብ በእጁ፣ ማዳበሪያ ከረጢት በትከሻው።

«ጋሽ ዳኜ! የሚገባ የሚወጣውን እየጠበቅክ ነው?»

ሊወድቅ ነበር። «ሌባ እንዳትዪኝ! ሳልጠራው የመጣ ዓሣ ነው!»

«ሳይጠሩት አቤት ያለ ማን እንደሆነ አሁን እናያለን» አለችና ወደ መሪው ሄደች።

«ምን ልታደርጊ ነው? ሰዓቱ አይደለም እኮ!»

«ንጋት ንጋት ዓሣ እዚህ እንደሚሰበሰብ ታውቅ ነበር?»

«እንዴት አላውቅም? ዓይን አለኝ!»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ዳኜ፤ የእውነት ተቆጥቶ።

ተናደድኩበት ስትነግረኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን መልሱ ውስጥ አንድ የማይዋጥ እውነት አለ። ብቻ ይሁን።

መሪው በንጋት ብርድ አልዞር አለ። በትከሻዋ ገፋችው። ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ብሎ ዞረ። ጠሪው ውኃ በቧንቧው ተንደርድሮ ወጣና የደረጃውን አፍ አረፋ በአረፋ አደረገው። ዳኜ መረቡን ይዞ ቆሞ ያያል። ትንሽ ቆይቶ መረቡን አነሳ፤ ባዶ። እንደገና ጣለ፤ አንዲት ለጋ ብቻ። ሦስተኛ ሲያነሳ ቅጠል።

«ወሰድሽብኝ!» ብሎ ጮኸ። «ጾሙ ገና አላለቀም፣ ትሩፋት ምን ልትጠብስ ነው?»

«ሽሮ ትሥራ!»

እሷ ወደ ላይ ሮጣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። መስታወቱን በእጅጌዋ ጠረገችው፤ ትናንት የወለወለችውን። ቡናማ ውኃ። ገለባ። አረፋ። አንድ ፌስታል እየተንቀሳቀሰ ሲመጣ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ከዚያ ፌስታል መሆኑን ዓይታ ሰፈሯን ረገመች። እኛን ማለቷ ነው፤ ይገባናል። በሩ ተንኳኳ። ዳኜ ነው፣ ካፖርቱ ውኃ ያንጠባጥባል።

«ምን ፈለግክ?»

«እስቲ ልይ።»

«አንተን ዓሣው ምን ይጠቅምሃል? አመለጠህ።»

«የት እንደሚሄድ ማወቅ አለብኝ!» አለ። «ስንት ዓመት ሳየው ወዴት ሊሄድ እንደሚፈልግ ገብቶኝ አያውቅም። ጠጋ በዪ።»

ጠጋ አለች። ሁለቱም አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ አስደገፉ።

መጣ። መጀመሪያ ጥላ ነበር፤ ከዚያ ክንፍ፤ ከዚያ ዓሣ። ክንድ የሚያህል ቢልጫ፣ አፍንጫው የተላላጠ። ውኃውን ተቃውሞ ከመስታወቱ ፊት ቆመ፤ ጭራው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ያረፈ ይመስላል። ጉሮሮው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከዚያ ጭራውን አንድ ጊዜ መታና ወደ ላይ፣ ግድቡ ወዳቆረው ሐይቅ ጠፋ። ከኋላው ሌላ። ከኋላው ሁለት፣ እየተጋፉ።

«ይኼንን አውቀዋለሁ» አለ ዳኜ በሹክሹክታ። «ከትናንት ወዲያ ከመረቤ ያመለጠኝ ነው። በዚያ ጎኑ ጠባሳ አለ ብዬሽ ነበር።»

«ምንም አላልከኝም።»

«አልጠየቅሽኝማ።»

ሸዋረገድ እያለቀሰች ነበር፤ አቧራ ነው ትላለች። ውኃ ውስጥ ምን አቧራ አለ?

የቀረው ኮሚቴው ነው። በየቀኑ ንጋት ላይ ዓሣው ያልፋል፤ ግን እነሱ ልማዳቸው ረፋድ ተነስተው፣ ለምሳ ሲቃረብ ደርሰው፣ ምሳ በልተው መመለስ ነው። በቀትር ቢመጡ ባዶ መስታወት ያያሉ፣ «ዓሣ አልታየም» ይላሉ፣ ሲሚንቶው ይቦካል። ሚሳኤል ለሰብሳቢው ሲደውል ሸዋረገድ አጠገቡ ጥፍሯን እየነከሰች ቆማለች።

«ቅዳሜ፣ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይድረሱልን» አለ ሚሳኤል።

ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር ሁሉም ሰማው። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገና ጠየቀ፦

«በእኛ ነው በፈረንጅ?»

ሸዋረገድ አፏን በሁለት እጇ አፍና ከክፍሉ ወጣች። ሰውየው ያቺን ጥያቄ የጠየቀው ለእንቅልፉ ሲል ነው፤ ቢሆንም ጠየቃት። ደረጃው ሲመረቅ በእንግዶች ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁሉ ያችን ሦስት ቃል ቢተነፍሷት ስንት ዓሣ እንቁላሉን ይጥል ነበር!

በእኛ ነው ተባለ። እያዛጉ መጡ። ክፍሏ ትንሽ ስለሆነች በየተራ ገቡ፤ የገባ ግን መውጣት እምቢ አለ። ሰብሳቢው ከውጭ «ይበቃል፣ ተራ ልቀቁ!» እያለ በሩን ይደበድብ ነበር። ደረጃው አይደፈንም አሉ። ጠሪው ውኃ ንጋት ላይ ይከፈት አሉ። ወንበሩም ስፖንጅ ይደረግለት አለ አንዱ፣ ለእሱ ሳይመች ቀርቶ።

በፍልሰታ ማብቂያ ሸዋረገድ ከሰርቪስ ወርዳ በትሩፋት በኩል ስታልፍ መጥበሻው ላይ ድንች ነበር።

«ዓሣ ጠፋ እኮ» አለች ትሩፋት፣ ፊቷን ጥላ። «ያ ዘበኛችሁ ስልክ አያነሳም። ምን ሆነ ዓሣው?»

«አልጠፋም» አለች ሸዋረገድ። «ወጥቷል።»

«በምን?»

«በደረጃ።»

ትሩፋት ጭልፋዋን አንስታ ዛተችባት። ሸዋረገድ ከግቢው ቧንቧ ሥር ሞልቶ የቆያትን ጀሪካኗን አነሳች፤ ወገቧን አንድ ጊዜ አቃናችና እሷም ወደ አራተኛ ፎቅ ሽቅብ ጀመረችው።